ከመተማ ደባርቅ በአንድ ዙር

የመተማ ሰው በሚያዝያና በግንቦት ስለ ሙቀት አያወራም። «አቤት ሙቀቱ» የሚል እንግዳ ነው። ያገሩ ሰው ዝም ብሎ ጥላ ይፈልጋል፤ ጥላውን ካገኘ በኋላ ደግሞ ወግ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በጣልያን ዘመን በመተማ ሁለቱም ባንድ ላይ የሚገኙበት ግቢ ቢኖር የዘሊካ ሙሐመድጣሂር ዓሳራ ነበር።

ዓሳራ የሚባለው በግመል የሚዞር የሰሊጥ መጭመቂያ ነው፤ ስሙም ሥራውም ከሱዳን ወገን የተሻገረ። ሁለት ሰው ተቃቅፎ የማይጨርሰው ግንድ እንደ ሙቀጫ ይፈለፈልና መሬት ውስጥ ይተከላል። በሙቀጫው ውስጥ አንድ ረጅም ዘነዘና ጋደል ብሎ ይቆማል። ከዘነዘናው ጋር የተያያዘ አግዳሚ እንጨት ወደ ውጭ ይወጣና ከግመል ጋር ይታሰራል። ግመሉ ሲዞር ዘነዘናው የሙቀጫውን ግድግዳ እየታከከ ሰሊጡን ይጨፈልቃል፤ ዘይቱም ከሥር ባለችው ቀዳዳ ጠብ ጠብ ይላል። አግዳሚው ክብደት ከሌለው ዘነዘናው ስለሚዘል አንድ ሰው ተቀምጦበት አብሮ ይዞራል። ሰው ከሌለ ድንጋይ ይጫንበታል።

በዘሊካ ግቢ የሚዞረው ግመል ሳቢር ይባላል። ራሱን እንዳያዞረው ዓይኑ በጨርቅ ይሸፈናል። ጧት ጨርቁ ሲታሰርለት መንገድ የወጣ ይመስለዋል። «ሳቢር ገዳሪፍ እየሄደ ነው» ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች፤ ማታ ሲተኛ «ደረሰ» ይላሉ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሳቢር በማንኛውም ምክንያት ከቆመ የደረሰ ስለሚመስለው ይንበረከካል። አንዴ ከተንበረከከ ደግሞ ዱላም ልመናም እስከ ማግስቱ አያስነሳውም። ሙቀጫው ውስጥ ያለው ሰሊጥ ያን ጊዜ ግማሽ እንደተጨመቀ ይቀርና የሰጠውን ዘይት መልሶ ይጠጣል። ስለዚህ የግቢው ሕግ አንድ ነበር፤ ግመሉ አይቆምም።

ሕጉን ያወጡት የዘሊካ አባት፣ አባ ሙሐመድጣሂር ናቸው። ዓሳራውን የተከሉት በወጣትነታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነው ቢባል ሐሰት የለበትም። ምሳቸውን እዚያው እየዞሩ ይበላሉ። ለሶላት ከሚሄደው እንጨት ላይ ዱብ ብለው ይወርዳሉ፤ ሰግደው ሲጨርሱ ተመልሶ እስኪመጣ ጠብቀው ቦታቸውን ይይዛሉ። ዘሊካም ያደገችው እጉያቸው ውስጥ ሆና እየዞረች ነው።

ጣልያን በገባ ዓመት አባ ሙሐመድጣሂር የጓንግን ወንዝ ሲሻገሩ ከተጫነ ግመል ላይ ወደቁ። በወገባቸው ነበር ያረፉት። ከዚያ ቀን በኋላ እግራቸው አልታዘዛቸውም። የጠፍር አልጋቸው ከግቢው ዳር ካለው የሁመር ዛፍ ሥር ተዘረጋላቸው፤ በቦታቸው ደግሞ ሁለት ድንጋይ ተጫነ።

ዘሊካ ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ ሷሊህ ዘይቱን ጭኖ ገዳሪፍ ያደርሳል፤ ቤቱ የሚውልበት ቀን ከማይውልበት ያንሳል። አባቷ ሲወድቁ «እንግዲህ ዓሳራው ይሸጥ፤ ሴት ልጅ ግመል አትነዳም» ያሉ ነበሩ። ዘሊካ አልተከራከረቻቸውም። በማግስቱ ጧት ጨርቁን የሳቢር ዓይን ላይ አሰረች፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

ያስቸገራት ከግመሉ ይልቅ ልጇ ሰዓዲያ ነበረች። ሰዓዲያ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አታውቅም። ዘሊካ ሰሊጥ ስትጨምር ልጅቷ ግመሉ እግር ሥር ትገባለች፤ ልጅቷን ላንሳ ስትል ሙቀጫው ይጎድላል። አንድ ቀን ከጣልያን ካሚዮን የወረደ የመኮረኒ ሳጥን አገኘች። ከሁለቱ ድንጋዮች አንዱን አወረደችና ሳጥኑን በገመድ አግዳሚው ላይ አስራ ልጅቷን አስቀመጠቻት። ክብደቱም ክብደት፣ ልጅቷም ከዓይን አትጠፋ። ሰዓዲያ ጥቂት ዞራ ዝም አለች። ጥቂት ዞራ ሳቀች። ከዚያ ተኛች። ዘሊካ ፀሐዩ እንዳይመታት ብላ ሳጥኑ በሚያልፍበት በኩል እንጨት ተክላ እርጥብ ጆንያ ሰቀለች።

ጨዋታው ከዚህ ያለፈው በፈረደ ምክንያት ነው። ፈረደ የወገራ ሰው ነው። ኮኪት ላይ መሬት አቅንቶ ሰሊጥ ይዘራል፤ ሰሊጡን ሊያስጨምቅ ሲመጣ ሚስቱን አሰበችን አስከትሎ ዘሊካ ግቢ ይሰነብታል። በቁመትም በሆድም ትልቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ላቡን በኩታው እየጠረገ የሰዓዲያን ሳጥን ሲያይ ቆየና ልጅቷን አንስቶ እቅፉ አድርጎ ተቀመጠበት። ጆንያው ሥር ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ምን ሆንህ?» አለችው ዘሊካ።

«ደባርቅ ደርሼ መጣሁ።»

«ደባርቅ? በአንድ ዙር?»

«ምን ላድርግ፤ ግመልሽ ፈጣን ነው» አለና ሳይወርድ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የዚያ ጥላ ስም ደባርቅ ሆነ። ፈረደም የደጋው ብርድ ናፍቆት ነው መሰል፣ በማግስቱ መጥረቢያውን ይዞ መጣ። በሙቀጫው አንገት ላይ የሚዞር የእንጨት ቀለበት ሠራ፤ ከቀለበቱም አራት ክንድ አወጣ። አንደኛው የሳቢር ክንድ ነው፤ ሦስቱ ይከተሉታል። በሦስቱም ጫፍ አንዳንድ ሳጥን ታሰረ። በሳቢር ክንድ ላይ የቀረው ድንጋይ ግን እንዳለ ነበር። ከዚያ የዙሩን እኩሌታ በሽመልና በማሽላ አገዳ ዳስ ሸፈኑት፤ ከጣራውም እርጥብ ጆንያ በረድፍ አንጠለጠሉ። ዳሱ ውስጥ ጨለማ ነው። ጆንያው ፊትን ዳበስ ያደርጋል፤ ውሃው ማጅራት ላይ ጠብ ይላል። ልጆች ይንጫጫሉ፤ ትልልቆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይላሉ።

ዋጋው አንድ ቅል ውሃ ነበር። መሳፈር የፈለገ ሰው ውሃውን ይዞ ይመጣና ጆንያው ላይ ያፈሳል። ብርዱን ራሱ ተሸክሞ ይመጣል ማለት ነው። ዘሊካ በዚህ አልተጎዳችም፤ ሰው በተሳፈረ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል፣ ክብደት በጨመረ ቁጥር ዘይቱ ይፈጥናል።

መሳፈሩ ግን ትምህርት ይፈልጋል፤ ግመሉ አይቆምማ። ከዳሱ መውጫ በኩል ረዘም ያለ የጭቃ መደብ ተሠራ። የተሳፈረው በዚህኛው ጫፍ ይወርዳል፤ የሚሳፈረው በዚያኛው ጫፍ ይጠብቃል። ሳጥኑ ሲመጣ መደቡ ላይ ከጎኑ አብሮ መራመድ ነው። እርምጃህ ከሳጥኑ ጋር እኩል ሲሆን ሳጥኑ የቆመ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ቁጭ ማለት ብቻ ነው። ቆሞ የጠበቀው ጉልበቱን ይመታል። የሮጠ ያልፈዋል። አሰበች ለዚህ ሥራ ራሷን ሾመች፤ ቀጭን አርጩሜ ይዛ መደቡ ላይ ትቆማለች።

«አንተ፣ ፍየል ነህ? አትዝለል። አብረኸው ሂድ፤ እንደ ሙሽራ ቀስ።»

«ሙሽራ ሆኜ አላውቅም እኮ።»

«እንግዲያ ዛሬ ልመድ። ማን ያውቃል፣ ሳጥኗ ትወድህ ይሆናል።»

አንድ ጊዜ አንድ የጣልያን መኮንን አስተርጓሚ አስከትሎ መጣ። «አቁሚልኝ ብሏል» አላት አስተርጓሚው።

«ግመሉ አማርኛም ጣልያንኛም አያውቅም» አለች ዘሊካ። «አብሮት ይራመድ በለው።»

መኮንኑ ተቆጣ፤ ግመሉ ዞረ። መኮንኑ ጠበቀ፤ ግመሉ ዞረ። በመጨረሻ መደቡ ላይ ወጥቶ እንደ ሰው አብሮ ተራመደና ተቀመጠ። ባርኔጣው ደባርቅ ቀረ። በማግስቱ ሊወስደው ሲመጣ አንድ ቅል ውሃ ይዞ ነበር።

ይህን ሁሉ ከሁመሩ ሥር ሆነው የሚያዩት አባ ሙሐመድጣሂር ናቸው። ከሳጥን የወረደውን ሁሉ እየጠሩ ይጠይቁታል።

«ደባርቅ እንዴት ነው?»

«ብርድ ነው አባ።»

«ውሸት ነው» ይሉታል። የሚቀጥለው ሲወርድ ደግሞ እሱን ይጠራሉ።

ዘሊካ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። አንድ ቀን ግን ከሰሊጡ ክምር ኋላ ሆና አየቻቸው። አጠገባቸው ማንም የለም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ትከሻቸው ከእንጨቱ ጩኸት ጋር ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፤ እጃቸው እዚያ የሌለ አግዳሚ ጨብጧል። ዘሊካ የያዘችውን ሰሊጥ መጨመር ረሳች። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ቦታቸው ኖሯል።

የዚያን ቀን ራት ሲበሉ ጀመረችው።

«አባ፣ እርስዎም አንድ ቀን ቢዞሩ።»

«በምን እግሬ? ከሳጥኑ ጋር የሚራመደው ማነው?»

«ሳቢርን አንድ ቀን ብናቆመው ምን ይሆናል?»

«ለማንም አይቆምም ብዬ ነው የተከልሁት። አሁን ለራሴ ላቁመው?»

«ፈረደ አንስቶ ያስቀምጥዎ።»

«ሰው ሁሉ እያየ? እንደ ሬሳ?» ጎርሰው የያዙትን ዋጡ። «ተይኝ እናቴ።»

ዘሊካ ለጊዜው ተወቻቸው፤ ለራሷ ግን አልተወችውም። ነገሩን ለፈረደና ለአሰበች አወራች።

«ጧት ሳቢር ሳይነሳ ይቀመጡ» አለች አሰበች። «ይኸ ምኑ ይከብዳል?»

«ጧት የወጣ ሰው ማታ ነው የሚወርደው። ያ ወገብ ምሳ ሰዓት አይደርስም። አልጋው ላይ ሳገላብጣቸው እንኳ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ።»

«ጠይቀሻቸዋል?»

«ምኑን እጠይቃለሁ፤ አያለሁ እንጂ።»

ብዙ ካሰበች በኋላ አንድ መላ አገኘች። ሰው በእግሩ ከሳጥኑ ጋር እኩል የሚሄድ ከሆነ፣ እግር የሌለው ሰው በአህያ እግር እኩል ቢሄድስ? አባቷ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው አህያዋ በመደቡ ላይ ከሳጥኑ ጎን ትሄዳለች፤ እኩል ስትሆን ከኮርቻው ወደ ሳጥኑ ሸተት ማለት ነው። የሚሸከም የለም፤ የሚቆምም የለም።

ሙከራው በፈረደ ላይ ተደረገ። «እግርህን አትጠቀም፤ አንተ አሁን አባ ጣሂር ነህ» አለችው ዘሊካ። ፈረደ እግሩን አንጠልጥሎ አህያዋ ላይ ተኮፈሰ። አህያዋም ደህና ሄዳ ሄዳ፣ ሳጥኑ ጋ እኩል ሆና፣ ፈረደ ሸተት ሊል ሲል የተጨመቀው ሰሊጥ ፋጉሎ ሸተታት። ዞር አለች። ፈረደ በሳጥኑና በአህያዋ መካከል ከነኮርቻው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከሁመሩ ሥር አንድ ሳቅ ተሰማ። አባ ሙሐመድጣሂር አልጋቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ።

«ይኸ ሰውዬ ሬሳ ሲሆን ከእኔ ይከብዳል» አሉ።

«አባ ጣሂር፣ እርስዎን ብዬ ነው እኮ የምወድቀው» አለ ፈረደ አቧራውን እያራገፈ።

«ውደቅ፣ ውደቅ። ሳትወድቅ መሳፈር የቻልህ ቀን እኔም አስብበታለሁ።»

ዘሊካ ይህቺን ቃል ያዘች። ከዚያ በኋላ አህያዋን መጀመሪያ ፋጉሎ አጥግባ ነው የምታመጣት። ፈረደ ደጋግሞ ወደቀ፤ ደጋግሞ ተሳፈረ፤ በመጨረሻ መውደቁን ተወው። አባ ሙሐመድጣሂር ይህን አይተው «ለመውሊድ እናያለን» አሉ። ዘሊካ ያን ቀን ለሳቢር እጥፍ ማሽላ ሰጠችው።

መውሊዱ ከፋሲካ በኋላ ነበር የዋለው። ከዋዜማው ጀምሮ ነጭ ጀለቢያቸው ታጥቦ ተሰጣ፤ ጥምጥማቸው ተዘጋጀ። ዘሊካን ግን አንድ ነገር አላስቀምጣት አለ። ድሮ አግዳሚው የሙቀጫውን አንገት እየታከከ ሲጮህ እንደኖረው ሁሉ፣ ቀለበቱም በዞረ ቁጥር እንጨት ከእንጨት እየተፋተገ ረጅም «ዊይይይ» የሚል ጩኸት ያወጣል፤ ከጩኸቱም ጋር ክንዶቹ ግጭ ግጭ ይላሉ። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ለተሰበረ ወገብ ግን እያንዳንዷ ግጭታ መርፌ ናት ብላ አሰበች። ዓሳራው ከተተከለ ጀምሮ ስንት እንስራ ዘይት አውጥቷል፤ እሱን ራሱን ዘይት የቀባው ግን አልነበረም። ዘሊካ የዓመቱን ምርጥ ዘይት አምጥታ ቀለበቱን ከላይ እስከ ታች ጠገብሁ እስኪል አጠጣችው።

በመውሊዱ ቀን ጧት ጨርቁን አሰረችና እንደ ልማዷ መጀመሪያውን ዙር በገመድ ሳበችው። ክንዶቹ ድምፅ የሚባል ሳያወጡ ሄዱ።

«ምን አደረግሽው? እንደ ጣና ታንኳ ነው እኮ የሚሄደው» አለች አሰበች።

ዘሊካ ፈገግ ብላ ገመዱን ለቀቀች።

ግቢው ሞልቶ ነበር። ሙስሊሙ ከመንዙማው፣ ክርስቲያኑ ከገበያው እየመጣ ውሃውን ጆንያው ላይ ያፈሳል፤ ከርከዴውን ይጠጣል። አባ ሙሐመድጣሂር ነጭ ለብሰው አልጋቸው ላይ ቀና ብለዋል። አህያዋ ጠግባ ቆማለች። ሦስቱም ሳጥኖች ሰው ይዘዋል። ሳቢር ግን ገመዱ ከተለቀቀ በኋላ ሁኔታው አላማረም። እርምጃው ቀስ አለ። ጆሮውን ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ያዞራል፣ የጠፋበትን እንደሚፈልግ። ከደባርቅ መውጫ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጉልበቱን አጠፈና ተኛ።

በጨለማው ዳስ ውስጥ የቀረው ሳጥን «ደረስን?» የሚል የሴት ድምፅ አሰማ።

ከዚያ ሁሉም አዋቂ ሆነ። አንዱ «ዓይን ነው፤ ሰው በዛበት» አለ። አንዱ ዱላ አነሳ። አሰበች የራሷን አርጩሜ ትታ የሰውየውን ዱላ ቀማች። ዘሊካ ሳቢር አጠገብ ተንበርክካ አንገቱን አሻሸች፤ ማሽላ አፉ ላይ አደረገችለት። ማሽላውን በላ፤ አልተነሳም። ዘሊካ ወደ ሁመሩ ለማየት ፈራች። አባቷ በስንት ጊዜ አንድ ቀን እሺ ብለዋል፤ ዛሬ ካለፈ ሁለተኛ እንደማይሉ ታውቃለች።

«ዘሊካ» የሚል ድምፅ መጣ ከሁመሩ ሥር። «ምን ቀባሽው?»

ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። «ዘይት ነው አባ። እንዳይቆረቁርዎ ብዬ… ለወገብዎ።»

አባ ሙሐመድጣሂር አልተቆጡም። «ዓይኑን ሸፍነንበታል» አሉ። «መንገዱን የሚያውቀው በዚያ ጩኸት ነበር። ጩኸቱ ሲጠፋ ምን ይበል? ደረስሁ አለ።»

ፈረደ ይህን ሲሰማ ከመሬት አሸዋ ዘገነ። «ቀለበቱ ላይ ልበትንበት?»

«አሸዋውን ሰሊጡ ውስጥ ልትጨምርብኝ?» አለች ዘሊካ። «ያንተ ሰሊጥ ነው እኮ ሙቀጫው ውስጥ ያለው።»

ፈረደ አሸዋውን ጣለው። «እንግዲህ አንድ ሰው ይጩህለታ።» ራሱ ሳቢር ጆሮ ጋ ጎንበስ ብሎ «ዊይይይ» አለ፤ ድምፁ የበሬ ነበር። ሳቢር ፊቱን አዞረ። አሰበች ሞከረች፤ የሷ ደግሞ እልልታ ሆነ። ሰዉ ሁሉ ተራ በተራ ይጮህ ጀመር፤ ያ ግቢ እንዲያ ሆኖ አያውቅም።

«ዝም በሉ» አሉ አባ ሙሐመድጣሂር። «እንጨቱን አሰደባችሁት። ወደሱ አምጡኝ።»

«አህያዋን ላምጣ?» አለች ዘሊካ።

«አህያ ምን ታደርጋለች፤ ተኝቶ የለም እንዴ። ፈረደ፣ አንሳኝ።»

ፈረደ አነሳቸው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተሸክሟቸው ሲያልፍ ማንም እንደ ሬሳ አላያቸውም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ግመሉን ነበር፣ የሚጠብቀውም እሳቸውን። ዘሊካ ቀድማ ሮጠች። በሳቢር ክንድ ላይ የቀረውን ድንጋይ ገመዱን ፈትታ ወደ መሬት ገፋችው። ፈረደ አባ ሙሐመድጣሂርን በቦታው አስቀመጣቸው። እጃቸው ሳያይ ሄዶ እንጨቱን ጨበጠ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ከአፍንጫና ከጉሮሮ መካከል ከየት እንደሚወጣ የማይታወቅ ቀጭን፣ ረጅም ድምፅ አወጡ፤ መጨረሻው ላይ እጥፍ ይላል፣ ልክ ሳቢር የዳሱ መግቢያ ላይ ሲደርስ ቀለበቱ እንደሚለው። ስንት ዓመት ሲሰሙት የኖሩት ድምፅ ነው። አሰበች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የሳቢር ጆሮ ቆመ። አንገቱ ተነሳ። የኋላ እግሩን አስቀደመ፣ የፊቱን አስከተለ፤ ተነሳ። አራቱም ክንዶች መዞር ጀመሩ። ሰው ሁሉ ተሳሳቀ።

ሳቢርና አባ ሙሐመድጣሂር ዳሱ ውስጥ ገቡ። ከውጭ ያለው ሰው ጩኸቱን ብቻ ይሰማል። በመካከል ጩኸቱ ተቋረጠ። የሳቢርም እርምጃ ቀዘቀዘ።

«አባ ጣሂር» አለች አሰበች ወደ ዳሱ አፍ ጠጋ ብላ። «ደባርቅ ተኝተው ሊቀሩ ነው? ይጩኹ እንጂ።»

ጩኸቱ ተመለሰ። ሳቅ ተቀላቅሎበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ሰዉ እንደ ልማዱ መደቡ ላይ እየተራመደ ይሳፈራል፣ ይወርዳል። አባ ሙሐመድጣሂር ይጮኻሉ፣ ሳቢር ይሄዳል፣ ዘይቱ ይወርዳል። በመውጫው ባለፉ ቁጥር ዘሊካ መደቡ ላይ ከጎናቸው እየተራመደች «አባ፣ ወገብዎ?» ትላቸዋለች። መመለስ አይችሉም፤ አፋቸው ሥራ ላይ ነው። እጃቸውን ብቻ ሂጂ ሂጂ ያደርጋሉ። አሰበችም ከርከዴ በጣሳ ይዛ አብራቸው እየተራመደች በሁለት ጩኸት መካከል ታስጎነጫቸዋለች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ዘሊካ እስከዚያ ወገባቸው እስኪከዳቸው ስትጠብቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መጠበቁን ተወችና ሰሊጧን መጨመር ጀመረች።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ጨርቁን ፈታችለት። ሳቢር ተንበረከከ። ደረሰ። ፈረደ ሊያወርዳቸው ጎንበስ አለ፤ ሳያነሳቸው ግን፦

«አባ ጣሂር፣ ደባርቅ እንዴት ነው?» አላቸው።

ድምፃቸው አልቋል። በሹክሹክታ ነበር የመለሱት። «ሰው ይበዛበታል።»

«ወገብዎስ?» አለች ዘሊካ።

«ወገቤን እስከዛሬ ማን ጠየቀው? ከአልጋው ይልቅ እንጨቱን ያውቃል።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ሳቢር ገና እንደተኛ፣ ፈረደ አባ ሙሐመድጣሂርን ወስዶ በቦታቸው አስቀመጣቸው።

«ጧት ይውጡ ብዬ አልነበር?» አለች አሰበች።

«ብለሽ ነበር» አለች ዘሊካ።

ዘይቱ ከእንጨቱ እስኪደርቅ ሰንበት አለ። እስከዚያ አባ ሙሐመድጣሂር ሲጮኹ ሰነበቱ። አንድ ቀን ጠዋት ቀለበቱ በገዛ ራሱ «ዊይይይ» ሲል ሰሙትና አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ ወዲያ ደባርቅ ሲገቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይላሉ። ሰው ከሳጥን ሲወርድም መጠየቁን ተዉት። ዘሊካ ያን የወረደውን ድንጋይ እያንከባለለች ወስዳ ከመደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ቁመቱ ያጠረ ሰው ሊሳፈር ሲል መጀመሪያ እሱን ይረግጣል።